ከዳር ያነሱኝ ሰሞን

ማክሰኞ፣ ጁላይ 23

የአሜሪካ ፉትቦል ልምምድ... ሙቀት... ጉልበቴ ላይ በረዶ። ከምሳ በኋላ አሰልጣኝ ቦይድ አስጠራኝ። ፈገግ ሲል ነው የፈራሁት።

"ዴልሮይ ወንድሜ፣ ከዘንድሮ ጀምሮ ሴፍቲ ነህ።"

ሴፍቲ! ዕድሜ ልኬን ኮርነር ነኝ፣ የዳር ተከላካይ። ዳር ላይ፣ ብቻዬን፣ ኳስ ሊቀበል ከሚፈተለክ ፈጣን ሯጫቸው ጋር አንድ ለአንድ። አሁን ከሁሉም ኋላ ቆመህ ሜዳ ጠብቅ ይለኛል። ዘበኛ ነኝ?

"እግርህ ደክሟል፤ ጭንቅላትህ ግን አለ።"

እምቢ ብልስ? አልኩት።

"በተጫዋች ቅነሳው ቀን ከሚባረሩት አንዱ ትሆናለህ።"

ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ከኳስ ሌላ ምን አውቃለሁ? በሩን ደርግሜ ወጣሁ።

ረቡዕ፣ ጁላይ 24

ቦታዬን ለታይሪክ ሰጡት። ትናንት ከኮሌጅ ለወጣ ጉረኛ! "አይዞህ አባባ፣ ከኋላ ሆነህ ትመርቀኛለህ" አለኝ። ሁሉም ሳቁ። በጥፊ ባጮለው ደስ ባለኝ።

ሐሙስ፣ ኦገስት 1

ልምምድ ላይ ተዋረድኩ። ዳር ያለው ሯጭ ሲፈተለክ እግሬ ሳያማክረኝ ተከተለው። የድሮ አመል... መሃሉ ወለል ብሎ ቀረ። አጥቂዎቹ በዚያው ገቡብን።

"ሰው አታባርር! ደግሞ አፍ የለህም? ከኋላ ሁሉን የምታየው አንተ ነህ፤ ንገራቸው እንጂ!" ቦይድ ነው፣ በሰው ፊት።

አፍማ አለኝ። ግን ኮርነር አፉን የሚከፍተው ተጋጣሚውን ሊሰድብ ነው። የራሴን ሰው መጥራት መች ለመድኩ?

ዓርብ፣ ኦገስት 2

ሚስቴ ሬኔ፦ "ልጆቹን ስትቆጣ ጎረቤት ይሰማል፤ ሜዳ ላይ አፍህን ምን ይዘጋዋል?" አኮረፍኳት።

ቅዳሜ፣ ኦገስት 17

የአቋም መለኪያ ጨዋታ። ታይሪክ የያዘው ሯጭ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ መስሎ በረጅሙ ሊያመልጥ እንደሆነ ከኋላ አየሁት። "ረጅም ነው! ታይሪክ፣ ረጅም!" አልሰማም። ተሸወደ።

እውነቱን ልጻፍ... ይዋረድ አልኩ በልቤ። አገር ይየው። ቦታዬን ይመልሱልኝ።

ግን ያ ባዶ ሜዳ የኔ ነበር። ሮጥኩ። ተወርውሬ ኳሱን በጣቶቼ ጫፍ መለስኩት። ተነስቼ የታይሪክን ማሊያ ጨምድጄ ያዝኩ። "ጆሮህ የት ነው? ስንት ጊዜ ልጩህ?"

"እሺ... እሺ፣ አባባ።" አልሳቀም።

ማክሰኞ፣ ኦገስት 27

ቅነሳው አለፈ። አለሁ። ንዴቱም አለ። ታይሪክ ዛሬም በዚያችው ማታለያ ተሸወደ። ሁሉም ሻወር ሲገቡ ሜዳ ላይ አስቀረሁት። የተጋጣሚን ወገብ ማየት፣ ዳሩን መዝጋት... ዓመታት የፈጀብኝን ሁሉ አሳየሁት።

"ቦታህን እኮ ነው የምታስተምረኝ" አለኝ እያለከለከ።

"ዝም ብለህ ሩጥ! አንተን ሲያመልጡህ የሚመጡት እኔ ላይ ነው።"