እማዬ የምታዋራው ካሜራ

ለምወድህና ለማከብርህ ታላቅ ወንድሜ፣

እንደምን ከረምክ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የወገብህ ሕመም ተሻለህ ወይስ አሁንም ቆመህ ነው የምትበላው? ባለቤትህስ ደህና ናት? ልጆቹስ እንዴት ናቸው፣ ትንሿ ጥርስ አወጣች? ብርዱስ እንዴት አድርጓችኋል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ደህና ነን ብዬ ልጽፍልህ ነበር፤ እጄ እምቢ ስላለኝ አለን ብዬ ተውኩት።

ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው ትል ይሆናል። በስልክ እንዳልነግርህ የምናገረውን እማዬ ትሰማዋለች፤ ጆሮዋን ደግሞ ታውቀዋለህ። ስለዚህ ወደ እናንተ ለምትመጣ ለአንዲት የሥራ ጓደኛዬ እህት አስይዤ ልኬዋለሁ። የምጽፈው ጓዳ ገብቼ፣ የካሜራህ ዓይን የማይደርስበት ጥግ ተቀምጬ ነው። ግድግዳ ጆሮ አለው ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር፤ የእኛ ግድግዳ ይኸው ዓይንም አፍም አበቀለ።

መቼም አትረሳውም፣ ነገሩ የተጀመረው የጋዝ ሲሊንደራችን ከጓሮ የተሰረቀ ጊዜ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፣ ሌባው ከሄደ በኋላ ካሜራ ይተከል አልክ። እኔ የውጭው በር ላይ አንድ ይበቃል ብዬህ ነበር። አንተ ግን ከሻጩ ጋር በቪዲዮ እየተያያችሁ፣ ይኼ በጨለማ ያያል፣ ያኛው አንገቱን ያዞራል፣ ይኼኛው ድምፅ ያስተላልፋል ስትባባሉ ዋላችሁና አራት አስገዛኸን። አንዱ በር ላይ፣ አንዱ ጓሮ፣ አንዱ ኮሪደር፣ አራተኛው እማዬ ከምትቀመጥበት ወንበር ፊት ለፊት። ባለሙያው መሰላል ላይ ቆሞ፣ አንተ በስልኩ ውስጥ ሆነህ ትንሽ ወደ ግራ፣ አሁን ዝቅ አድርገው እያልክ አስተከልከው። የሳሎኑ ቢቀር፣ ሰው በገዛ ቤቱ ይሳቀቃል ብልህ፣ “ለእማዬ ብዬ እኮ ነው፤ በዓይኔ ካላየኋት እንቅልፍ አይወስደኝም” አልከኝ። ያን ጊዜ አምኜህ ነበር።

እማዬ የመጀመሪያ ሰሞን ሻሿን ሳታስር ከመኝታ ቤት አትወጣም ነበር። ማዛጋት ሲመጣባት ፊቷን ታዞራለች። አንድ ጠዋት ከግድግዳው “እማዬ፣ መድኃኒትሽን ውሰጂ” የሚል ድምፅህ ሲወጣ ብርጭቆው ከእጇ ሊያመልጥ ምንም አልቀረው። አለቀሰች፣ ሳቀች፣ መድኃኒቱንም እያሳየችህ ዋጠች። ከዚያ ወዲህ ለእሷ ልጇ እዚያ ውስጥ አለ። ማለዳ እንዴት አደርክ ትለዋለች፤ ምሳዋን ስትበላ ጨርሻለሁ ለማለት ሳህኗን ከፍ አድርጋ ታሳየዋለች። ከሥራ ስመለስ ቀኑን ሙሉ ያወራችህን ለእኔ ትደግምልኛለች። መለሰልሽ ወይ ስላት፣ ሥራ ላይ ነው፣ ግን ሰምቶኛል ትለኛለች።

ሁለተኛ ጊዜ በግድግዳው የተናገርከው ጎረቤታችንን እትዬ ጥድፊያን ነው። ይህን ስም ልጅ ሆነህ ያወጣህላት አንተ ነህ፤ እስከ ዛሬ ሰፈሩ ሁሉ የሚጠራት በዚያው ነው። እኔ ሥራ ስውል እማዬን የምታይልኝ እሷ ነበረች። ሾርባ ታመጣለች፣ ጠጉሯን ታበጥርላታለች፣ እየቸኮለች ትገባለች፣ እየቸኮለች ትወጣለች። ያን ቀን ሾርባ ያመጣችበትን ድስት ይዛ ስትወጣ ከግድግዳው “ሴትዮ፣ የያዝሽው ምንድን ነው?” ብለህ አስቆምካት። አላወቅካትም። እማዬ የእኛዋ ናት እኮ ልጄ ብትልህ፣ አንተ ዘግተህ ሄደሃል። እትዬ ጥድፊያ ክዳኑን አንስታ ባዶውን ድስት ለግድግዳው አሳየችውና ወጣች። ብለምናትም አልመለስ አለች፤ በስተርጅና የሌባ ስም አይውጣብኝ ብላ። አንተ ደግሞ በዚያው ሰሞን ደውለህ፣ የውጭው በር ቁልፍ እሷ ዘንድ ካለ አስመልሺ አልከኝ። አላስመለስኩም።

እማዬ መውደቋን በስልክ ነግሬሃለሁ። ያልነገርኩህን ልንገርህ። እኔ የምሠራበት ልብስ ስፌት ፋብሪካ ስልካችንን በር ላይ አስረክበን ነው የምንገባው፤ ስልክ የምታይ ሰፊ ጣቷን ትሰፋለች ይላሉ። የካሜራው ማስጠንቀቂያ ወደ አንተ ስልክ እንዲሄድ የተስማማነው ለዚህ ነበር። አንተ ደግሞ ድመት ባለፈች ቁጥር እየጮኸ ሲያስቸግርህ ድምፁን ዘግተኸዋል፤ ይህን ራስህ ነህ የነገርከኝ።

የተቀዳውን ባለሙያው ከፍቶልኝ አየሁት። እማዬ ወንበሯ ሥር ወድቃለች። መስኮቱ ክፍት ነው፤ አንድ ጊዜ ብትጮህ እትዬ ጥድፊያ ትሰማት ነበር። እማዬ ግን አልጮኸችም። በወደቀችበት ሻሿን አስተካከለች፣ ቀና ብላ ወደ ካሜራው አየችና “ልጄ፣ ወድቄያለሁ። አትደንግጥ፤ ሲመችህ ለእህትህ ደውልላት” አለችህ። ከዚያ ዝም ብላ ትጠብቅህ ጀመር። ሥራህን እንዳታስፈታህ ብላ ደግማ እንኳ አልጠራችህም። ይህን ሳይ ጠላሁህ። አሁን በርዶልኛል፤ ግን ጠልቼህ እንደነበር እንድታውቀው እፈልጋለሁ።

የደረሰላት ራሷ ምድጃ ላይ ጥዳ የረሳችው ድስት ነው። ሲያር ሽታው አጥር ተሻገረ። እትዬ ጥድፊያ በዚያ አስመልሺ ባልከኝ ቁልፍ ከፍታ ገባች። የእማዬን መውደቅ ገና አላየችም፤ ሳሎኑ ደፍ ላይ ቆመች፣ ሁለት እጇን ዘረጋችና ለካሜራው “የሚያር ነገር ሸቶኝ ነው የገባሁት፤ ምንም አልያዝኩም” አለች። በሕይወቷ ቆማ የማታውቅ ሴት፣ ለአንተ ለማስረዳት ቆመች። አንተ ማታውን ስደውልልህ፣ ሐኪሙ ምን አለ ካልከኝ ቀጥሎ የጠየቅከኝ የውጭው በር ክፍት ነበር እንዴ ብለህ ነው። አልነበረም፣ ወንድሜ።

ደግሞ ይህን ስማ። እማዬ ከዳሌ አጥንቷ ቀዶ ሕክምና ነቅታ የመጀመሪያ ቃሏ “ልጄ አይቶኝ ነው አይደል የደረሳችሁልኝ?” የሚል ነበር። እትዬ ጥድፊያ ከንፈሯን በእርጥብ ጨርቅ እያራሰችላት “አዎ፣ እሱ ደውሎልን ነው። እሱ ባይኖር ማን ያይሽ ነበር?” አለቻት። እማዬ ምርቃቱን አወረደችልህ፤ እትዬ ጥድፊያ በአንተ ፈንታ አሜን እያለች ተቀበለችልህ። እኔ ውኃ ልቅዳ ብዬ ወጣሁና ኮሪደሩ ላይ አለቀስኩ።

አሁን እማዬ ቤት ገብታለች። ሐኪሞቹ ትነሣለች ብለዋል፣ ግን ጊዜ ይፈጃል። የኮሪደሩንና የጓሮውን ካሜራ ነቅያለሁ። የሳሎኑንም ልነቅል መሰላል ባቀርብ፣ የልጄን ዓይን ልታጠፊ ነው ወይ ብላ ተቆጣችኝ። ጭራሽ አልጋዋን ከፊቱ አስጠጊልኝ አለች፤ አስጠጋሁላት። እትዬ ጥድፊያም ተመልሳለች፤ ስትገባና ስትወጣ ግን እስካሁን እጇን ታሳየዋለች።

ስለዚህ አንድ ነገር ልለምንህ። ለእማዬ ደውልላት፤ በግድግዳው ሳይሆን በስልክ፣ ቁጭ ብለህ። አይተህ ደረስክልኝ ብላ ስታመሰግንህ እሺ ብለህ ተቀበል። ይመርሃል፤ እኛም ውጠነዋል፣ አንተም ዋጠው። ቀጥለህ ለእትዬ ጥድፊያ ደውል። ይቅርታ ማለት ከከበደህ ስሟን ብቻ ጥራት፣ ያወቅካት መሆኑን ትስማ። ይህን ካላደረግክ ካሜራውን በእጄ አወርደዋለሁ፤ ለምን እንዳወረድኩትም ለእማዬ እነግራታለሁ። ጨካኝ አትበለኝ፤ ባዶ ግድግዳ ስታዋራ ማየት ከአቅሜ በላይ ሆኖብኛል።

ለባለቤትህ የከበረ ሰላምታዬን አቅርብልኝ። ትልቁን ልጅህን ግንባሩን ሳምልኝ፤ ትንሿን ሁለቱንም ጉንጭ። እትዬ ጥድፊያ ካስታወሰኝ ሰላም በይልኝ ብላሃለች። እማዬንም፣ ለወንድሜ ልጽፍለት ነው፣ ምን ልበልልሽ ብዬ ጠየቅኳት። ወደ ካሜራው ቀና ብላ አየችና፣ “ምን ትደክሚያለሽ፣ ጠዋት ነግሬዋለሁ እኮ” አለችኝ።

እህትህ

ከእናትህ ቤት፣ ከጓዳው ጥግ
ኅዳር ፲፪ ቀን