በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቶ መሀል

ውድ አንበጣ፤

ደብዳቤ ሲጀመር ስለ ጤና ይጠየቃል። አንቺን ስለ ጤና መጠየቅ ግን ማላገጥ ይሆንብኛል፤ ስለዚህ በቀጥታ ልጣላሽ። ተናድጄብሻለሁ። ከሞትሽ ጀምሮ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ሐዘንተኛ አድርጎ ነው። አዝኛለሁም፣ አልዋሽም፤ ግን ከሐዘኑ ይልቅ ውስጤን የሚበላው ንዴቱ ነው። ሰው እንዴት ማስተማር ጀምሮ መሀል ላይ ጥሎ ይሄዳል?

የቱን እንደምልሽ ታውቂያለሽ። መጽሐፉ ይኸው ጉልበቴ ላይ ነው። ያ ሽፋን የሌለው፣ ከመንገድ ዳር አዟሪ ላይ አንስተሽ ያመጣሽው፣ አንዲት ቃሉን እንኳ ማንበብ የማንችለው የቴኳንዶ መጽሐፍ። የማን አገር ቋንቋ እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅንም። ፎቶ አስተርጓሚ አይፈልግም ብለሽ ተከራከርሽኝ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያው አንድ ጺማም ሰውዬ ነው፤ ነጭ ልብሱን ለብሶ ይመታል፣ ይመክታል፣ አንድም ጊዜ አያልበውም። «ባልሽ» ትዪኝ ነበር። ከሥራ ስገባ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ ባልሽ ዛሬ አዲስ ነገር ይዞልሽ መጥቷል፣ ነይ ትያለሽ። እኔም «አፈር ብዪ» እልሽ ነበር።

ይቺን ቃል ካንቺ ወዲህ ለማንም ብያት አላውቅም። ሰሞኑን ሥራ ቦታ አንዷ ስታሾፍብኝ አፌ ላይ መጣችና ዋጥኳት። እንባዬ የተኮስኩት ሸሚዝ ላይ ወርዶ እንደገና መተኮስ ነበረብኝ።

የኔን ኑሮ ታውቂዋለሽ፤ ልብስ ማጠቢያ ቤት ካውያ ላይ ተገትሬ ነው የምውለው። የኔ ፈረቃ የሚያልቀው አሰልጣኛችን ማስተር ልምምዱን ጨርሶ የአዳራሹን በር ሲቆልፍ ስለሆነ፣ ሰልጣኝ ነኝ የምለው እሑድ እሑድ ብቻ ነበር። አንቺ በየቀኑ ትሄጃለሽ፣ ቀድመሽ ቤት ገብተሽ ትጠብቂኛለሽ። የእሑዱን የተማርኩት ከማስተር ነው፤ የሌላውን ቀን ከመጽሐፉና ካንቺ ነው የተማርኩት።

መጀመሪያ ላይማ ካንቺ ተደብቄ ከመጽሐፉ ብቻ ለመማር ሞክሬ የደረሰብኝን ጉድ መቼም አትረሺውም። የመጀመሪያውን ፑምሴ፣ ያንን እየተዞረ የሚሠራ የምትና የመከላከል ተርታ፣ አንቺን ላስደንቅሽ ብዬ በቃሌ ያዝኩት። ሰውዬው ፎቶው ላይ የቆመው ፊቱን ወደኔ አዙሮ ነው፤ እኔም እሱ በሄደበት በኩል እየሄድኩ ሙሉውን ገልብጬ አጠናሁት። እሑድ አዳራሹ በሙሉ ወደ ግራ ሲዞር እኔ በልበ ሙሉነት ወደ ቀኝ ዞርኩና አብሮን ከሚሰለጥነው ከዚያ ግዙፍ የባንክ ዘበኛ ጋር ግንባር ለግንባር ተላተምን። ማስተር ማን ነው ያስተማረሽ ሲለኝ፣ አንቺ ወለሉ ላይ እየተንከባለልሽ «ባሏ ነው» አልሽው። ማስተር ግን አልሳቀም። ያወቅሽውን ለማስታወስ መጽሐፍ ጥሩ ነው፣ የማታውቂውን ግን መጀመሪያ ሰው ያሳይሽ አለኝ። ከዚያ በኋላ ሕግ አወጣሽ፤ አንቺ ሳታሳዪኝ ገጽ አይገለጥም።

እንዲህ እንዲህ እያልን የኋላ ምቱ ላይ ደረስን። ዞሮ በተረከዝ የሚመታው። መጽሐፉ ላይ አራት ፎቶ አለው። በአንደኛው ሰውዬው ቆሟል፣ በሁለተኛው እጁን ሰብስቧል፣ በሦስተኛው ፊቱ ወደኛ ነው፣ በአራተኛው ጀርባውን ሰጥቶን እግሩ ተወርውሯል። በሦስተኛውና በአራተኛው መሀል ምንም የለም። በየት በኩል እንደዞረ፣ የቆመበት እግር ምን እንደሆነ፣ ዐይኑ ይቅደም ትከሻው፣ ምንም። እኔ ስሞክረው የቆምኩበት እግር ወለሉ ላይ ተጣብቆ ይቀራል፣ ጉልበቴ ይጠመዘዛል፣ አልጋው ላይ እዘረጋለሁ። አንቺ ፍራሽሽን አጥፈሽ ግድግዳው ላይ ታቆሚና፣ ተረከዜን ብቻ እዪ ብለሽ ትዞሪያለሽ። አየሁ ስል አልቋል። ድገሚው እልሻለሁ፣ ትደግሚዋለሽ። ወዲያኛው ክፍል ያለችው እማዬ በነጠላ ጫማዋ ግድግዳውን ትደበድባለች፤ ቤቱን ልታፈርሱት ነው ወይ ትላለች። አንቺ ለግድግዳው ምላስሽን ታወጪለታለሽ።

እማዬ አንድም ቀን አዳራሽ መጥታ አይታሽ አታውቅም። ሴት ልጅ እግሯን እንደዚያ ስትሰቅል አላይም ብላ ቁርጡን ነግራሻለች። «አንበጣ» ብላ ስም ያወጣችልሽም እሷ ናት፤ ለስድብ ነበር፣ አንቺ ወደድሽው እንጂ።

ትኩሳቱ ሲጀምርሽ ጉንፋን ነው አልሽ። አልጋ ሲይዝሽም ጉንፋን ነው አልሽ። ሆስፒታል ስንወስድሽ ሐኪሙ እኔንና እማዬን ወደ ኮሪደሩ ጠርቶ ደሟ ተመርዟል ሲለን፣ በበሩ መስታወት አሾልቄ አየሁሽ፤ ከአጠገብሽ ከተኛችው ሴትዮ ጋር ታወሪ ነበር። በመጨረሻው ቀን ከሰዓት በኋላ አልጋሽ ግርጌ ተቀምጬ ሳለሁ፣ ብርድ ልብሱ ሥር እግርሽ ሲንቀሳቀስ አየሁ። ተረከዝሽ ወዲያ ወዲህ ይላል። ምን እየሠራሽ ነው አልኩሽ።

«ባልሽ የደበቀብሽን» አልሽኝ። ከዚያ ትንፋሽሽን እንደምንም ሰብስበሽ፣ «ስወጣ አሳይሻለሁ። በመጽሐፉ እንዳትሞክሪው፣ ጉልበትሽን ትሰብሪያለሽ።»

አልወጣሽም።

ከዚያ በኋላ ማስተር፣ እግዜር ይስጠው፣ ብቻዬን እያስቀረ ሊያሳየኝ ሞከረ። ጎንበስ ብሎ በእጁ እግሬን ይዞ አዞረልኝ። ጥሩ አስተማሪ ነው፣ ታግሶኛል። እኔ ግን የፈለግኩት የማስተርን ምት አልነበረም። ያንቺን ነበር የፈለግኩት፤ ይሄንን ደግሞ ለሰው እንዴት ብዬ እንደምናገር አላውቅም። አዳራሹንም ተውኩት። ከሥራ እገባለሁ፣ መጽሐፉን እገልጣለሁ፣ አያለሁ፣ እዘጋዋለሁ።

የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አንቺን ለማስታወስ ዐይኔን ስጨፍን ሦስተኛው ላይ ቆመሽ ትታዪኛለሽ፤ ከዚያ አራተኛው ላይ። መሀሉ ጠፍቶብኛል። ስትስቂም እንደዚያው ነው፤ ልትስቂ ስትዪ አይሻለሁ፣ ስቀሽ ስትጨርሺ አይሻለሁ፣ ስትስቂ ግን የለሽም። እያየሁሽ ፎቶ ሆነሽ ቀረሽብኝ። አንጀቴን የሚበላው ይሄ ነው።

ከዚያ አንድ ቀን፣ አልጋዬ ላይ መጽሐፉን ይዤ ፈዝዤ እንደተቀመጥኩ፣ እማዬ ገባች። አንቺ ከሞትሽ ወዲህ እዚህ ክፍል እግሯን አንስታ አታውቅም ነበር። ጠረጴዛውን ገፋችው። ፍራሽሽን ከአልጋሽ ላይ አንስታ አጠፈችና ግድግዳው ላይ አቆመችው፣ ልክ አንቺ በምታቆሚበት ቦታ። አይታሽ አታውቅም እኮ፤ ቦታውን ግን ከወዲያ በኩል ታውቀዋለች።

«የሷን አሳዪኝ» አለችኝ።

አልችልም አልኳት። መጽሐፉን ገልጬ ሁለቱን ፎቶዎች አሳየኋት፤ ከዚህ እስከዚህ ያለውን አላውቀውም፣ ሳትጨርስልኝ ነው የሄደችው አልኳት። ሰውዬውን ገርመም አድርጋ አየችውና መጽሐፉን ከእጄ ተቀብላ ዘጋችው።

«እኔም አላየሁም። ጆሮዬ ግን ያውቃታል። አንቺ ሥሪ፣ እኔ ልስማ።»

ወጥታ ክፍሏ ገባች፣ በሯን ዘጋች። ግራ እንደገባኝ ፍራሹን መታሁ። ከግድግዳው ወዲያ «አይደለም» አለች። ደግሜ መታሁ። አሁንም «አይደለም» አለች። «እሷ መጀመሪያ ሽር ታደርጋለች፣ ከዚያ ዝም ነው፣ ከዚያ ነው ዱብ የሚለው፤ ያንቺ ዱብ ብቻ ነው» አለችኝ።

ሽር። እዚያው ወለሉ ላይ ቁጭ አልኩ። ተረከዝሽ ነበር፣ አንበጣ። ምንም ነገር ሳይነሳ በፊት የቆምሽበት እግር ወለሉን ጠርጎ ይዞር ነበር። ዝም የሚለው ደግሞ ዐይንሽ በትከሻሽ ላይ ተሻግሮ ፍራሹን እስኪያገኝ ነው። ያን ሁሉ ጊዜ በነጠላ ጫማ ግድግዳውን ስትደበድብ የኖረች ሴትዮ፣ መሀሉን በጆሮዋ ይዛው ኖራለች።

ካልሲዬን አውልቄ ተነሳሁ። ሠራሁ፣ ወደቅኩ፣ ሠራሁ። ሽርታው መጣ፣ ዝምታው ግን አጠረ ትለኛለች። አሁን ደግሞ ረዘመ ትለኛለች። ላቤ ዐይኔ ውስጥ እየገባ እማዬን የመሰለች ጨካኝ ማስተር አይቼ አላውቅም ብዬ አሰብኩ፤ ካንቺ ወዲህ ሳቅ ሲያምረኝ የመጀመሪያዬ ነበር። ለማን እንደምነግረው ሳስብ ለአንቺ ሆነ፣ ሳቁም ጠፋ። እንደገና ቆምኩ።

ሽር አለ። ዝም አለ። ዱብ አለ።

እኔ ራሴ ሰማሁሽ። ጉልበቴ አልተጠመዘዘም፣ አልወደቅኩም፤ ከሦስተኛው ተነስቼ አራተኛው ላይ ቆሜያለሁ። ከወዲያ በኩል «አይደለም» የሚል ድምፅ አልመጣም። ከዚያ የእማዬ ነጠላ ጫማ ወለሉን ሲመታ ሰማሁ፤ እማዬ ስትሮጥ ሰምቻት አላውቅም። በሩን በርግዳ ገባች። ፊቷ በርቶ ነበር፣ እንደዚያ በርቶ አይቼው አላውቅም። ከዚያ አየችኝ።

«አንቺ ነሽ?» አለች።

«እኔ ነኝ እማዬ።»

ፍራሽ በሌለው አልጋሽ ላይ፣ ጣውላው ላይ ተቀመጠች። አጠገቧ ሄጄ ልቀመጥ ፈልጌ ተውኩት። ብዙ ቆይታ ተነሳች፣ ሄደች፤ እኔም በቃ ይሄ ነገር እዚህ ላይ አበቃ አልኩ። በማግስቱ ከሥራ ስገባ ግን ፍራሹ ግድግዳው ላይ ቆሞ ጠበቀኝ፣ የእሷም በር ተዘግቷል። ገባኝ። አንድ ጊዜ ብቻ ሠራሁት። አልወጣችም፣ እኔም አልሄድኩም። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ እንዲሁ ነው። ራት ላይ ስንገናኝ ስለ ጨው እናወራለን፣ ስለ ቧንቧው እናወራለን፣ ስለዚህ ነገር አንድም ቃል አይወጣንም።

ማስተር በዘበኛው በኩል ለቀበቶ ፈተናው ነይ ብሎ ልኮብኛል። ብሄድ አልፋለሁ፣ አውቃለሁ። አልሄድም። ምቱ የኔ አይደለም፣ ሰው ፊት ልሠራው አልችልም። ከግድግዳው ወዲህ አንዲት ልጅ አለቻት እማዬ፣ እሷም እኔ አይደለሁም። ክፉ ሆና አይደለም፣ ታውቂያታለሽ። በሩን ካልከፈተችው አንቺ አለሽ፤ ስለዚህ አትከፍተውም። እኔም እንዳትከፍተው አንኳኩቼ አላውቅም።

አስተምረሽኝ ጨረስሽ እንግዲህ፣ ደስ ይበልሽ። ከዚህ በላይ የምጽፍልሽ ነበረኝ፤ ግን የእማዬ በር ሲዘጋ ሰማሁት። ካልሲዬን ላውልቅ።

ታላቅሽ