ለቆመው ሊፍት አለቃ፣ ከቡታጅራ

ወረድኩ! አልሐምዱሊላህ፣ ከዘጠነኛው ፎቅ ወረድኩ! ወርጄም እዚያ አልቀረሁም፤ ይኸው ቡታጅራ ቤቴ ገብቼ፣ ጫማዬን አውልቄ፣ እግሬን መሬት ላይ ዘርግቼ ነው የምጽፍልዎት።

ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ ደስታው ቀድሞኝ ሰላምታውን ዘለልኩት። በማንችስተር ከተማ ልጄ ሳቢሪን የምትኖርበትን ሕንፃ የሚያስተዳድሩ ክቡር ሆይ፣ አሰላሙ አለይኩም። ጤናዎ እንዴት ነው? ጉልበትዎስ? ጉልበትዎን አላህ ይጠብቅልዎ፤ በእርስዎ ሕንፃ ከሁሉ በላይ የሚያስፈልገው እሱ ነውና። ስምዎን አውቀዋለሁ፣ ግን አልጽፈውም፤ ይህን ደብዳቤ ሌላም ሰው ያነበዋል፣ ሰውን በአደባባይ ማሳፈር አስተዳደጌ አይፈቅድም።

ዘይባ እባላለሁ። ሳቢሪን ሥራ ስትውል ልጇን ራምዚን ልይዝላት ነበር የመጣሁት። እንደመጣሁ ሊፍቱ እኔን ዘጠነኛው ፎቅ አድርሶ ቆመ፤ ጉልበቴ ደረጃ ስለማይችል እኔም አብሬው ቆምኩ። ከመስኮቱ ሥር ያለው ዛፍ ቅጠሉን አራግፎ እንደገና እስኪያቆጠቁጥ እዚያው ነበርኩ። ታዲያ ቅሬታ እንዳይመስልዎት፤ ምስጋና ነው፣ በተራ በተራው ላቅርበው።

አንደኛ፣ ከተማዎን ስላሳዩኝ አመሰግናለሁ። እዚህ ቡታጅራ ማንችስተርን የማያውቅ ወጣት የለም። የወንድሜ ልጅ ሙባሪክ ገና ሻንጣዬን ከመኪና ሳያወርድ "አክስቴ፣ ስታዲየሙን አየሽው?" አለኝ። አየሁት እንጂ፣ በመስኮት፣ መብራቱን! ጎል ሲገባ ጩኸቱም ይሰማኛል፤ ለማን እንደገባ የሚነግረኝ ነው ያጣሁት። ቢጫው ባቡር ሲሄድ ሲመለስ አይቻለሁ፤ አልተሳፈርኩበትም። ዝናቡንም አይቻለሁ። የእኛ ዝናብ ይመጣል፣ ያለውን ያወርዳል፣ ይሄዳል፤ የእናንተው አይዘንብም አያባራም፣ ዝም ብሎ መስታወቱ ላይ ይውላል። ከዚያ ገና በአሥር ሰዓት ይጨልማል፤ እኔም መጋረጃውን እዘጋለሁ። ይህን ሁሉ አንዲት እርምጃ ሳያስወጡኝ አስጎበኙኝ፤ እንዲህ ያለ አስጎብኚ የት ይገኛል?

ሁለተኛ፣ ስለ ትዕግሥት። ሳቢሪን በእንግሊዝኛ ደጋግማ ጻፈችልዎት፤ መልስዎ ሁልጊዜ "ስለ ትዕግሥትዎ እናመሰግናለን" ነበር። ክቡር ሆይ፣ ያመሰገኑኝ በሌለኝ ነገር ነው። እኔ የነበረኝ ትዕግሥት ሳይሆን ደረጃ ነው። ራምዚ ግንባሩን መስታወቱ ላይ ለጥፎ፣ ታች የሚጫወቱትን ልጆች በጣቱ እያሳየ "አያቴ፣ እዛ እንሂድ" ሲለኝ ምን ልበለው? ነገ እለዋለሁ። በማግስቱም ነገ። ልጁ ከእኔ የተማረው አማርኛ ይኸው ነው፣ "ነገ"። ለዚህም ምስጋና ይገባዎታል።

ሦስተኛው ትልቁ ነው፤ ጎረቤት ሰጡኝ። በዚያ ሕንፃ ሰው በግድግዳ ማዶ ሲያስል ይሰማኛል፣ ማን እንደሆነ ግን አላውቅም። ፊት ለፊታችን የምትኖረውን ዶሪን የሚሏትን እንግሊዛዊት አሮጊት በሩ ላይ ባገኘኋት ቁጥር እጅ ነስቼ ሰላም እላለሁ፤ እሷ ራሷን ነቅነቅ አድርጋ ትገባለች። ከዚያ ቪዛዬ ሊያልቅ ሆነና የመመለሻዬ ቀን ደረሰ። ሳቢሪን ደወለችልዎት፣ ስለ ትዕግሥታችን አመሰገኑን። አውሮፕላኑ ግን ትዕግሥት የለውም። ሻንጣዬ ላይ ተቀምጬ ድምፄን ከፍ አድርጌ አለቀስኩ፣ አልደብቅዎትም።

በሩ ተንኳኳ። ዶሪን ናት፤ "ምን ሆነሽ ነው፣ የኔ ፍቅር?" አለችኝ። ሳቢሪን እንደነገረችኝ፣ በዚያ ከተማ የአውቶቡስ ሹፌሩም ሰውን እንዲሁ ነው የሚጠራው። ነገሩን ስትሰማ በሩን ሁሉ እየደበደበች ጎረምሶች ሰበሰበች፤ ወንበር ላይ አስቀምጠው፣ በሻርፔ አስረው አነሱኝ። ሰባተኛው ላይ ሲደርሱ ግን ላብ በላብ ሆኑ፤ እኔም ቀላል ሴት አይደለሁም። ይሄኔ መስቃን ገጠር ትዝ አለኝ። ሕመምተኛ በቃሬዛ ሲወሰድ አንዱ መንደር እስከ መጨረሻው አይሸከምም፣ ቀጣዩ መንደር ወጥቶ ይቀበላል። "አንቺ ሳቢሪን፣ ፎቅ ማለት መንደር ነው፤ የስድስተኛውን በር አንኳኪ!" ብዬ ጮህኩ። ክቡር ሆይ፣ ወጡ! ናይጄሪያዊው ለፖላንዳዊው፣ ፖላንዳዊው ለሱዳኖቹ እያቀበሉ፣ ዶሪን ከፊት ጫማዬን ይዛ "ቀስ! ቀስ!" እያለች፣ ራምዚም ከኋላ እያጨበጨበ፣ እንደ ሙሽራ አወረዱኝ። ሊፍትዎ ቢሠራ ኖሮ መስታወት እያየሁ ብቻዬን ነበር የምወርደው።

ስለዚህም፣ በወንበር ላይ ሆኜ ሕንፃዎን ከላይ እስከ ታች የመረቅሁ፣ በጤናዎና በደረጃዎ ብዛት የምደነቅ፣ የዘወትር አክባሪዎ፣

ዘይባ፣ ከቡታጅራ

ሳልረሳው፦ ይህን በአማርኛ የጻፍኩት አስቤበት ነው፤ አስተርጓሚ እስኪያገኙ ድረስ ስለ ትዕግሥትዎ አመሰግናለሁ። ሳቢሪንና ራምዚ ለአረፋ ይመጣሉ፣ ዶሪንም አብራ። ለእነሱ ብለው ሊፍቱን እንዳይቸኩሉበት፤ ሻንጣውን የትኛው ፎቅ፣ ራምዚን የትኛው ፎቅ እንደሚቀበል ጎረቤቶቹ ተነጋግረው ጨርሰዋል። ሰንጋውን ሙባሪክ እንሴኖ ገበያ አይቶታል፣ ቆጮውም ደርሷል። የቡታጅራ ሰው፣ የመስቃን ዘመድ፣ ይህን ያነበበ ሁሉ ተጠርቷል፤ እርስዎም ጭምር። አይፍሩ፣ ቤታችን ደረጃ የለውም። አረፋ በዋለ በሦስተኛው ቀን፣ ከዙሁር ሰላት በኋላ፣ ማንም እንዳይቀር!