ድምፅ ስለሚሰበስበው አሞራና ስለ መምህርት ሀብትነሽ እስር

ለተከበሩ ጓድ አምባው፣ የወረዳው የባህልና የቅስቀሳ ጉዳይ ኃላፊ
መተማ ዮሐንስ፣ ኅዳር 1971 ዓ.ም.

ጤናዎ እንደ ሥልጣንዎ የጸና፣ እንቅልፍዎም እንደ እኛ ያልተቆራረጠ እንዲሆን እየተመኘሁ አብዮታዊ ሰላምታዬን በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። በዚህ ከተማ ትምህርት ቤት ለረጅም ዘመን በርዕሰ መምህርነት ያገለገልኩ፣ ዛሬም የወላጆች ኮሚቴን የምመራ ጡረተኛ ነኝ። ይህን ደብዳቤ ለወላጆች ሁሉ ግልጽ ያደረግሁት፣ ከሕዝብ የሚደበቅ ነገር እንደማይወዱ በየስብሰባው ስለነገሩን ነው።

አንደኛ፣ መምህርት ሀብትነሽ ለሦስተኛ ክፍል ልጆች የፈጠረችውን ተረት እንዲህ በጥሞና የመረመረ ባለሥልጣን አጋጥሞኝ ስለማያውቅ ላመሰግንዎ እወዳለሁ። ተረቱ፣ የወፎችን ድምፅ ሁሉ በቅል ሰብስቦ ብቻውን ስለሚናገር አሞራ ነው። አሞራው ስም የለውም፤ አገሩም ከደመና በላይ ነው። ልጆቹ ማን እንደሆነ አልጠየቁም። እርስዎ ግን ገና እንደሰሙት ራስዎን ለይተው አወቁና መምህርቷን አሰሯት።

ሁለተኛ፣ ሰዎችዎ ክፍል ድረስ ገብተው እያንዳንዱን ልጅ ምን እንደሰማና ለማን እንዳወራ ስለጠየቁ አመሰግናለሁ። እንደሚያውቁት ማሽላ ሲያፈራ ልጆቻችን ማማ ላይ ወጥተው እየጮሁ ወፍ ይጠብቃሉ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ወጥተው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ኮኪት አጠገብ ባለው የጋራ እርሻ ላይ ግሪሳው ሲወርድ፣ ገበሬው ፈንቴ ልጁን አገኘሽን "አንቺ፣ አፍ የለሽም?" ቢላት፣ "አባባ፣ መምህራችን የታሰሩት አፍ ስላላቸው አይደል?" አለችው። እርሱም ሊጮህ ማማው ላይ ወጣ፤ ግራ ቀኙን አየና ተመልሶ ወረደ፤ ግሪሳውም ማሽላውን ጨረሰው። እርስዎ ጥፋቱን አሻጥር ብለውታል፤ ልጆቹን ዝም ያሰኘው ማን እንደሆነም እያጣሩ ነው። ፍለጋው ሩቅ እንዳይወስድዎ እሰጋለሁ።

ሦስተኛው የእኔው ጉዳይ ነው። ተረቱ ሕዝብን ለአመፅ እንደሚያነሳሳ የሚመሰክር ወረቀት እንድፈርም ልከውልኛል። ብፈርም መምህርቷ ወደ ጎንደር ትወሰዳለች፤ ከዚያ የተመለሰ ሰው አላውቅም። ባልፈርም ተባባሪዋ እሆናለሁ። እንደ ሌሎቹ ድንበሩን ተሻግሬ ገላባት ብገባ ደግሞ መሸሼ በእርሷ ላይ ማስረጃ ይሆናል። መውጫዬን ሁሉ አስቀድመው ስላሰቡልኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

በበኩሌ ተረቱ ምንም ትርጉም የለውም ብዬ አልዋሽዎትም። ለልጆች ከደመና በላይ ያለውን ክፉ የምንነግራቸው፣ አድገው መሬት ላይ ሲያገኙት እንዲያውቁት ነው። መምህርት ሀብትነሽ ሥራዋን ሠርታለች፤ ስለዚህ ወረቀቱን ሳልፈርም መልሼልዎታለሁ። ይፈቷት ዘንድም በትሕትና እለምናለሁ።

ከፊርማው በቀር ምንም አክብሮት ያልነፈግሁዎ፣ እስኪልኩብኝም ከቤቴ የማልርቅ ታዛዥዎ፣
ቢሻው ውባንተ

ማስታወሻ፦ መምህርቷ የተወሰደችው ተረቱን ሳትጨርስ ስለሆነ፣ ልጆቹ የአሞራው ቅል መጨረሻ ምን እንደሆነ ዘወትር ይጠይቁኛል። እኔን ለማሰር ከወሰኑ፣ ቀሪውን በግድግዳው በኩል እንድትነግረኝ ከእርሷ ቀጥሎ ያለውን ክፍል እንዲሰጡኝ እለምናለሁ። እርስዎም መጨረሻውን ሳይሰሙ ነውና ያሰሯት፣ መስማት ቢሹ ጠጋ ብዬ ቦታ እለቅልዎታለሁ።