ከመጋረጃው ጀርባ የዘፈነው ሲዲው ነበር

ሚንሃጅ፣
ቁልፉ እትዬ ማርያማዊት ጋ ነው። ሽሮው ምድጃው ላይ አለ፣ አሙቀው።

ትናንት ከመጋረጃው ጀርባ ያጫወትኩት የአባትህን የሲዲ ማጫወቻ ነበር። አንተ «ይሄማ የአባዬ ነው» ስትል እኔ «ስልኬ ነው» ብዬ ዋሸሁ፣ ሰው ሁሉ ሳቀብህ። ጆሮህ አልተሳሳተም። የስልኬ ድምፅ አጠገቡም አይደርስም።

ተናደህ ማጫወቻውን አምበር ከተማ ላለው ራዲዮ ጠጋኝ፣ ለፈሐድ፣ ለመለዋወጫ እንደሰጠኸው አሁን ሰማሁ። አምበር ሄጄ ላስጥለው ወደ መናኸሪያ ልሮጥ ነው። ጅብ ጋልቤ ከጮቄ ተራራ ወረድኩ ያልኩህ ውሸት ነው። ይሄ ግን እውነት ነው።

ለፈሐድ ብደውል «ደግሞ ምን ልትቀልድ ነው» ብሎ ዘጋብኝ። ሳልደርስበት ከሰዓት ማጫወቻውን ይፈታዋል።
እባክህ አንተ ደውልለት፣ አንተን ያምንሃል።
ከዚያ በኋላ ከፈለግክ እኔን አታናግረኝ።

አምደሚካኤል