ያልተስማማኝ ቅባት

ለምሳሳልሽ ታላቅ እህቴ፣

እንደምን ከርመሽልኛል? ወገብሽስ ተሻለሽ? ልጆቹስ፣ ባለቤትሽስ? እኔ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ ብዬ ልጀምር አስቤ ነበር፤ ግን ውሸቱ ሰለቸኝ። ጽሕፈቴ ከተንጋደደብሽ ብዕሩን በሁለት ጣት ብቻ ይዤ ስለምጽፍ ነው።

እታለም፣ ያ የምትልኪልኝ ቅባት አልተስማማኝም። ይኸው አልኩት። ዓመት ሙሉ «ተባረኪ፣ እጄ እንደ ሐር ለሰለሰ» እያልኩ የጻፍኩልሽ ሁሉ ሐሰት ነው። መጀመሪያ በጣቶቼ መሀል አሳከከኝ። ብርዱ ነው ብዬ ደግሜ ቀባሁት። ሲቀላ ጨመርኩበት፤ ውሃ ሲቋጥርም አልተውኩም። አንድ ጊዜ በስልክ ነካ ባደርገው፣ «ማር፣ ሰም፣ የአበባ ዘይት፤ ሌላ ምን አለበት? ተፈጥሮ ሰው አይጎዳም። ቆሻሻው እየወጣልሽ ነውና ታገሺ» አልሽኝ። ታገስኩ።

ባለፈው ወር የአንዲት ሙሽራ ቬሎ ላይ ዶቃ ስሰፋ አውራ ጣቴ ተሰንጥቆ ኖሮ ደረቱ ላይ ሦስት የደም ጠብታ አረፈ። በቀዝቃዛ ውሃ ብል፣ በሳሙና ብል፣ እምቢ አለ። አሠሪዬን ታውቂያት የለ፣ «መቀስ» የምንላትን፣ ምላሷ ልብስ የሚቀደውን? ያን ቀን ግን አልጮኸችም። እጄን ገልብጣ አየችና «አንቺ ልጅ፣ በዚህ እጅ ነው ስትሰፊ የከረምሽው?» ብላ አለቀሰች። ስድቧ ይሻለኝ ነበር። እስክትድኚ ቤትሽ አረፍ በይ አለችኝ። በሳምንቱ ዕቃዬን ልወስድ ብሄድ ወንበሬ ላይ ሌላ ሴት ተቀምጣለች።

የቆዳ ሐኪሙ ቅባቱ የተሠራበትን ነገር ለየብቻ የያዙ ትንንሽ ፕላስተሮች ጀርባዬ ላይ ደርድሮ ለሁለት ቀን እንዳልታጠብ አዘዘኝ። ሲያነሳቸው ሰሙና የአበባ ዘይቱ ያረፉበት ቦታ ቀልቶ አብጧል። የተፈጥሮ ነው እኮ ስለው፣ «ሳማስ የማን ሥራ መሰለሽ?» አለኝ። ቆዳ አንዴ ከተቀየመ ዕድሜ ልኩን አይታረቅም አለ። እኛ ደግሞ ዶቃ የምንሰፋበትን ክር በሰም ነው የምናሸው። ስለዚህ ወደዚያ ወንበር መመለስ የለም።

እሱን ተዪው። ይህን ሁሉ የጻፍኩልሽ ስለ እጄ ብዬ አይደለም።

ባለፈው እናንተ ዘንድ ስመጣ ሳላንኳኳ ገብቼ ሸሚዝሽን ስትቀይሪ አገኘሁሽ። በጣትሽ ቅባቱን ይዘሻል። ከቀኝ ብብትሽ ዝቅ ብሎ ያለውን ቁስል አየሁት፣ ሽታውም ደረሰኝ። ቶሎ ሸፈንሽውና «ሽፍታ ነው፣ ቅባቱ ያጠፋዋል» አልሽ። እኔም እሺ አልኩ። ከዚያ ቁጭ ብለን ስለ ልጆቹ የትምህርት ቤት ጫማ አወራን። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ አንቺ ደበቅሽ፣ እኔም አብሬሽ ደበቅኩ።

ለሐኪሙ የጎረቤት ጉዳይ አስመስዬ ነገርኩት። ስፋቱን በጣቴ አሳየሁት፣ ሽታውንም አልሸሸግኩም። ከጀመራት ስንት ጊዜ ሆናት አለኝ። ቅባቱን ከጀመርሽበት ጊዜ ቆጥሬ፣ ዓመት ተኩል ሳይሆን አይቀርም አልኩ። ብዕሩን አስቀመጠ። ለእኔ እጅ ሦስት ዓይነት መድኃኒት የጻፈ ሰው ለጎረቤቴ የጻፈው የአንድ ሆስፒታል ስም ብቻ ነው። ልሄድ ስነሳ ደግሞ «ልጆች አሏት?» ብሎ ጠየቀኝ።

አልቆጣሽም፣ እታለም። እናታችን ገብታ ያልወጣችበት ቤት ስለሆነ ሆስፒታል እንደምትፈሪ አውቃለሁ። «ባለቤቴ አያውቅም» ብለሽ ከሆነ ግን ያውቃል። ትናንት ደውሎልኝ ነበር፤ ሲያለቅስ ሰማሁት።

ቅዳሜ እመጣለሁ። እንሂድ ካልሽ እንሄዳለን። አልሄድም ካልሽም አልጎትትሽም፣ አጠገብሽ እቀመጣለሁ። ሥራ እንደሆነ የለብኝም።

ልጆቹን ሳሚልኝ። ረጅም ዕድሜ ይስጥሽ ብዬ ልጨርስ ነበር፤ እጄ አልታዘዝ አለኝ። ቅዳሜን ያድርሰን።

በጀርባሽ አዝለሽ ያሳደግሻት፣
ታናሽሽ