ለበረዶው ተከላካይ የዘገየ መርዶ

ትሮይቪል፣ ጆሃንስበርግ
መጋቢት 2013 ዓ.ም.

ውድ ምሕረቱ፣

ይህን ደብዳቤ በስልክ ልኬለት፣ አትሞ የሚሰጥህ የክለባችሁ ዕቃ ያዥ ሚላን ነው። አንብበህ እስክትጨርስ አጠገብህ እንዲቀመጥ ለምኜዋለሁ። ካልተቀመጠ አስቀምጠው። ሁለት ሰው ጨምሮ በማለዳ እንዲመጣ ነግሬው ነበር። "ለምን በማለዳ?" ሲለኝ "በእኛ አገር እንዲህ ነው" አልኩት፤ ከዚያ በላይ አልጠየቀኝም። ዕድሜውን ሙሉ የእናንተን ማሊያ ሲያጥብ የኖረ ሰው፣ የሚጠየቀውንና የማይጠየቀውን የለየ ይመስለኛል።

ሦስት ሰው ጎሕ ሲቀድ በር ሲያንኳኳ ምን ማለት እንደሆነ አንተም ታውቃለህ። እናትህ አርፋለች፣ ልጄ። እኅቴ ኤርጎጌ ጥር ላይ በዚሁ በኮሮና ሆስፒታል ውስጥ አረፈች። አሁን መጋቢት ነው። በየእሑዱ ስትደውል ስታነጋግር የቆየኸው የእኔን ውሸት ነው።

አልቅስ። ደብዳቤው የትም አይሄድም።

ያን ሰሞን መሰብሰብ ክልክል ስለነበር የመከርነው በስልክ ነው። የሮዘተንቪል ሰፈሩ ወዳጄ ሽኩር "ጋሽ ፋንታሁን፣ መርዶ በስልክ? ያውም ለብቻው፣ በረዶ አገር? ወላሂ ለጠላትም አይደረግም!" አለ። ሁሉም ተስማማ፤ እኔ ከሁሉ ፈጥኜ ተስማማሁ። ቫይረሱ ደግሞ አዲስ መልክ አውጥቶ ዓለም በደቡብ አፍሪካ ስም ጠርቶት ነበርና (የምንታወቅበት ነገር ተገኘልን) ብትመጣ መመለሻ አልነበረህም። ስለዚህ አጠገብህ ሰው እስኪገኝ ይቆይ ተባለ። ወጉ ይኸው ነው፤ እስከ ዛሬም ስሕተት ነው ማለት ያቅተኛል። ወጉ ያላሰበበት፣ ሰውየው እስኪገኝ ድረስ አንተ ስትደውል ምን እንደምልህ ነው።

ሰው ፈልገን ነበር። ሽኩር በቪየና በኩል አስጠየቀ፣ በፕራግ በኩል አስጠየቀ። በመጨረሻ "በዚያች የስሎቫኪያ ከተማ አንድ ሐበሻ አለ" የሚል የምሥራች መጣ። ስልኩን ተቀብለን ብናየው ያንተው ነው።

ትሮይቪል ሰው ገና ሳያስበው የሚወራበት ሰፈር መሆኑን አንተም ታውቃለህ። ያ ሁሉ ሰው አፉን ዘጋልኝ። ፌስቡክ ላይ ሻማ የለጠፈ የለም፤ ፎቶዋንም ያወጣ የለም። ቄሱ ራቅ ብለው በጭምብል ፈቷት፤ በጣት የምንቆጠር ሰዎች ቀበርናትና ወደየቤታችን ገባን። ወሬው እንዳይደርስህ ብለን ለቅሶ እንኳ አልተቀመጥንም። እኅቴን እንደ ኮንትሮባንድ ዕቃ ደብቄ ቀበርኳት ማለት ነው።

አንተን ለሰው ማስረዳት ሁልጊዜ ያስቸግረኝ ነበር። እናትህ ምሥራቅ ራንድ በሚባለው አካባቢ፣ የገበያ አዳራሹ ውስጥ ባለው የበረዶ ሜዳ የመንሸራተቻ ጫማ ታከራይ እንደነበር፣ አንተም ከትምህርት ቤት ወጥተህ ፈረቃዋ እስኪያልቅ ስትጠብቃት የበረዶ ሆኪ ለምደህ እዚያው እንደቀረህ ስናገር ሰው ተረት የማወራ ይመስለዋል። ከዚያ ቤልግሬድ፣ ከዚያ ኤርዙሩም፣ ከዚያ ሩማንያ፣ ከዚያ ፖላንድ። አንድ ክረምት የሚበቃ ውል፣ አንዳንዴም የአንድ ወር። ሽኩር አንድ ቀን አፋጠጠኝ።

"ስንት ጎል አገባ?"

"እሱ ጎል አያገባም።"

"ታዲያ ምን ይሠራል?"

"ሌላው እንዳያገባ ያደርጋል። ሰውነቱን ይደቅንበታል።"

"ሃይቦ! ዘበኛ ነው በለኛ!"

እናትህ ስትሰማ እስኪያማት ሳቀች። እሷ ጨዋታህን የምታየው አንተ የተጠባባቂ ወንበር ላይ ስትቀመጥ ብቻ ነበር። ሜዳ ስትገባ ዓይኗን ጨፍና "ወጣ?" ትለኛለች፤ "ወጣ" ስላት ትገልጣለች። እንዲህ እያደረገች ከሚላን በቀር ማንም የማያውቃቸውን ተጠባባቂዎች ሁሉ በመልክ ለየቻቸው።

የመጀመሪያዋ ውሸት ቀላል ነበረች፤ ጉሮሮዋን ታማለች፣ ድምፅዋ ተዘግቷል አልኩህ። ቀጥሎ ተኝታለች፣ ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ናት። ጄፒ መንገድ ላይ መጋረጃ እየሸጥኩ ስለ እውነት ስንት ወፍራም መጽሐፍ አንብቤያለሁ፤ እሑድ ስልኩ ሲጮህ አንዱም አልደረሰልኝም።

የካቲት ላይ ያቺ በዱላ የምትመቷት ጥቁር ጎማ ቁርጭምጭሚትህን ስትመታህ በስልኬ እያየሁ ነበር። አዳራሹ ተመልካች አልነበረውምና ድምፁ እዚህ ድረስ ተሰማኝ። በማግስቱ ደወልክ።

"ጋሼ፣ ሐኪሙ ኦፕሬሽን ነው፣ ዓመቱ አልቆልሃል ይላል። አሠልጣኙ ደግሞ በማደንዘዣ መርፌ ትጨርሳለህ ይለኛል። እማዬን ጠይቅልኝ። ና ካለችኝ ነገ እነሳለሁ።"

ስልኩን በመዳፌ ሸፍኜ ባዶው ክፍል ውስጥ ቆምኩ፤ ስጠይቃት እንዲመስልህ። ና ብልህ በሩን የምትከፍትልህ እሷ አይደለችም። እዚያው ሁን ለማለት ደግሞ የእሷ ቃል ያስፈልገኝ ነበር።

"በርታ፣ ተጫወት ብላለች" አልኩህ።

"እማዬ? በርታ?" ብለህ ሳቅህ። "ዕድሜዋን ሙሉ ተው ስትለኝ ኖራ!"

ያቺ ሳቅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለች። ከዚያ በኋላ በመርፌ እየደነዘዝክ እስከ መጨረሻው ጨዋታ ድረስ በዚያ እግር ቆምክ። እኔ እያንዳንዱን አየሁት። ዓይኔን የመጨፈን መብት ያለኝ አልመሰለኝም።

ባለፈው እሑድ ደግሞ ክለቡ እንዳሰናበተህ፣ ካዛክስታን የሚወስድህ እንዳገኘህ፣ ማክሰኞ እንደምትፈርም ነገርከኝ። "እግሬ ልክ አይደለም ጋሼ፣ ግን እማዬ በርታ ብላ የለ?" አልከኝ። ስልኩን ዘግቼ ሚላንን ፈለግሁ። ሐበሻ ባይሆንም ሰው ነው፤ ይህንን ጥር ላይ ማሰብ ነበረብኝ።

አሁን እውነተኛ ቃሏን ልስጥህ። ሆስፒታል ስወስዳት መኪና ውስጥ፣ ትንፋሿ እየተቆራረጠ ነው የተናገረችው። "ፋንታሁን፣ ልጁን ይበቃሃል በለው። የሰው ጎል ሲጠብቅ እግሩ አለቀ። ይምጣ። ሥራ ባይኖረውም ግድ የለም፣ ዝም ብሎ ይቀመጥና ልየው።"

"ራስሽ ትነግሪዋለሽ" አልኳት። ማጽናናቴ ነበር። መልእክቷን ስትሰጠኝ አልቀበልም ማለቴ እንደሆነ የገባኝ ብዙ ቆይቶ ነው።

ማክሰኞ ፈርም ወይም አትፈርም አልልህም። በእሷ አፍ መናገሬ ይበቃኛል፤ በራሴም አፍ ቢሆን የምመክርበት ፊት የለኝም። ብቻ የምትወስነው እሷ ባለችው ላይ ይሁን፤ እኔ ባልኩት ላይ አይሁን። መንገዱ ሲከፈትልህ ና፤ ለቅሶዋን አብረን እንቀመጣለን። መቃብሯ ላይ ስሟን አላስጻፍኩም፤ ልጇ ሳያውቅ መጻፉ ከበደኝ።

ይቅር በለኝ ብዬ አልጽፍም፤ መርዶ ያመጣ ሰው በዚያው አፉ ለራሱ አይለምንም። እሑድ ስልኬን ይዤ እቀመጣለሁ። ልትሰድበኝም ከደወልክ አነሳለሁ። ካልደወልክም እዚያው ነኝ።

እግዚአብሔር ያጽናህ፣ ልጄ።

የእናትህ ወንድም
ፋንታሁን